እውነተኛ ወንጀልን ለሚተርክ የቴሌቪዥን ድራማ የቀረጻ ቦታ አመራረጥ

በአገራችን የተከታታይ ድራማ ሥራ የቀረጻ ቦታ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪፕቱ ካለቀ በኋላ፣ ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንዳንዴም በደላላ ስልክ ነው። ለፈጠራ ታሪክ ይህ አሠራር ሊያስኬድ ይችላል። ፍርድ ቤት ቀርቦ ውሳኔ ያገኘን ወንጀል ለሚተርክ ድራማ ግን አያዋጣም፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ጉዳይ የምስክሮች ቃል የሚመዘነው በርቀት፣ በብርሃን፣ በድምፅና በሰዓት ሲሆን እነዚህን ሁሉ የሚወስነው ቦታው ነው። ጠባቡ መንገድ በሰፋ፣ ጨለማው ደጃፍ በበራ ቁጥር የማስረጃው ክብደት ይለወጣል፤ የፍርድ ሐተታውን ያላነበበ ተመልካችም በዓይኑ ያየውን ይዞ ይፈርዳል። እንግዲህ አዘጋጁ መፈለግ ያለበት፣ አድራሻው የትም ይሁን የት፣ ድርጊቱ በመዝገቡ እንደተጻፈው ሊፈጸም የሚችልበትን ቦታ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማሳየት አንድ የፈጠራ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። በ1989 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ከምሽቱ 2፡30 ገደማ፣ በአዲስ አበባ አንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ባለሱቅ በስለት ተወግቶ ተገደለ እንበል። ከሱቁ ማዶ ባለው ግቢ በር ላይ የቆመች ጎረቤት፣ ከሱቁ የሚወጣውን ሰው በአምፖሉ ብርሃን ለይቼዋለሁ ብላ መስክራለች፤ ፍርድ ቤቱም በዋናነት በዚህ ቃል ተመሥርቶ ተከሳሹን ጥፋተኛ ብሎታል።

1. ከመዝገቡ ይነሱ

ቦታ ለማየት ከመውጣትዎ በፊት የፍርድ ሐተታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ። ጉዳዩ እስከ ሰበር የደረሰ ከሆነ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በየቅጹ ታትመው ስለሚገኙ የፍሬ ነገሩን አጭር መግለጫ እዚያ ያገኛሉ፤ ይሁን እንጂ ሰበር የሚመለከተው የሕግ ስሕተትን በመሆኑ የቦታው ዝርዝር በብዛት የሚገኘው በሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ውስጥ ነው። መዝገቡን ለመመልከት ከተፈቀደልዎ በተለይ ሁለት ነገሮችን ይፈልጉ፦ መርማሪው በእጁ የሣለውን የቦታ ንድፍ፣ እንዲሁም ተጠርጣሪው ለፖሊስ ቦታውን መርቶ ሲያሳይ የተነሣውን ፎቶግራፍ። ከዚህ ፎቶግራፍ ብዙ ጥቃቅን ነገር ይገኛል፤ አጥሩ ቆርቆሮ ይሁን ቁልቋል፣ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ፣ የመብራት ምሰሶው ከየት በኩል እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶግራፉን ለጥናት እንጂ በድራማው ውስጥ ለማሳየት አይጠቀሙበት፤ በጀርባው የሚታዩ ሰዎች አሉ፣ ቃሉ በምን ሁኔታ እንደተሰጠም ሌላ ክርክር ሊኖርበት ይችላል።

በንባቡ ጊዜ ቦታን የሚመለከት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ አንድ ወረቀት ይገልብጡ፤ አጠገቡም ይህን ያለው ማን እንደሆነ ይጻፉ፦ ዓቃቤ ሕግ፣ ምስክር፣ ተከላካይ ጠበቃ ወይስ ፍርድ ቤቱ ራሱ። ይህ መለያ ቀላል ቢመስልም ኋላ ላይ የሚያከራክረው እርሱ ነው። በምሳሌያችን ጎረቤቲቱ ከበሯ እስከ ሱቁ 20 ሜትር ነው ስትል ጠበቃው ከ40 ሜትር አያንስም ብሎ ተከራክሮ፣ ፍርድ ቤቱም ርቀቱን በቁጥር ሳይወስን ቃሏን አምኖ ከተቀበለ፣ አዘጋጁ በ20 ሜትር ሲቀርጽ ለዓቃቤ ሕግ፣ በ40 ሜትር ሲቀርጽ ደግሞ ለጠበቃው ማድላቱ ነው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ሁለት በሮች በተለያየ ርቀት ላይ ያሉበት ረዘም ያለ መንገድ ፈልጎ፣ ትዕይንቱን ከሁለቱም በሮች ቀርጾ፣ በችሎቱ ክርክር ወቅት ሁለቱንም ማሳየት ነው። ድራማውም በዚህ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

2. የማይነኩትን ይለዩ

ከወረቀቱ ላይ ቢለወጡ የታሪኩን እውነት የሚያናጉትን ይምረጡ። በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ ማን ማንን ከየት ሊያይ ይችላል፣ ማን ምን ሊሰማ ይችላል፣ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በእግር ስንት ደቂቃ ይፈጃል። የሱቁ ቀለም፣ የበሩ ብረት ቅርጽ፣ የጣሪያው ዕድሜ በሥነ ጥበብ ክፍሉ ሊስተካከል ይችላል። መንገዱ የሚያጥፍበት ቦታ ግን አይስተካከልም፤ ገዳዩ ከእይታ የተሰወረው በመጀመሪያው መታጠፊያ ከሆነና እርስዎ የመረጡት መንገድ እስከ ዳር ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ምስክሯ ለምን ተከትላ አላየችም የሚል ጥያቄ ያለ ቦታው ይነሣል።

የእግር መንገዱን ርዝመት ቸል አይበሉ። ተከሳሹ በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ ብሎ የተከራከረባቸው ጉዳዮች ሁሉ የሚቆሙት ወይም የሚወድቁት በደቂቃ ቆጠራ ነው። በድራማ ላይ አንድ ሰው ከበር ወጥቶ በሚቀጥለው ምስል ሌላ ሰፈር ሲደርስ ተመልካቹ ሁለቱን ቦታዎች በአእምሮው አጎራብቶ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ በመካከል ቢያንስ አንድ የመንገድ ምስል የሚቀረጽበት ድልድይ፣ ዳገት ወይም የታክሲ ፌርማታ በምርጫዎ ውስጥ ይካተት።

3. ትክክለኛው ቦታ ወይስ ምትክ?

ብዙ አዘጋጆች መጀመሪያ የሚመኙት ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቤት ነው። ምኞቱ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ ሆልኮምብ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1959 አራት የአንድ ቤተሰብ አባላት የተገደሉበትን ወንጀል የሚተርከው የ1967ቱ ፊልም የተቀረጸው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ጣሊያናዊው የፋሽን ንድፍ ባለሙያ ጂያኒ ቬርሳቼ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 ማያሚ ቢች በሚገኘው ቤቱ ደጃፍ የተገደለበትን ታሪክ የያዘው የ2018ቱ ተከታታይ ድራማም በዚያው የደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀርጿል፤ ቤቱ ዛሬ ሆቴል ስለሆነ ከባለንብረቱ ጋር መስማማት ይቻል ነበር፤ የሟቹ ቤተሰብ ግን ለድራማው ፈቃድ እንዳልሰጠ በይፋ አስታውቋል። የቤቱ ባለቤት ፈቃድና የተጎጂው ቤተሰብ ስምምነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም።

በተቃራኒው በሳን ፍራንሲስኮና አካባቢዋ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተፈጸሙ ግድያዎችን የሚተርከው የ2007ቱ ፊልም አንድ የታክሲ ሾፌር የተገደለበትን የመንገድ ማዕዘን በአብዛኛው በኮምፒውተር ነው የገነባው፤ አካባቢው ተለውጧል፣ ነዋሪዎቹም ያ ትዝታ ደጃፋቸው ላይ እንዲቀሰቀስ አልፈለጉም። ይኸው ፊልም በአንድ ሐይቅ ዳርቻ የተፈጸመውን ጥቃት ሲቀርጽ ግን ወደ እውነተኛው ስፍራ ሄዶ፣ በጊዜው የነበሩት ዛፎች ስለጠፉ ሌሎች ዛፎችን በሄሊኮፕተር አስጭኖ አስተክሏል። አንድ ፊልም በአንዱ ቦታ ምትክን፣ በሌላው እውነተኛውን መምረጡ የሚያሳየው ውሳኔው በየትዕይንቱ እንጂ በጅምላ እንደማይሰጥ ነው።

አንዳንዴ ምርጫውም የለም። በእንግሊዝ፣ ግሎስተር ከተማ ብዙ ሴቶች የተገደሉበት የክሮምዌል ጎዳና 25 ቁጥር ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርሶ የእግረኛ መተላለፊያ ሆኗል። በእኛም ከተማ ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ከርቸሌ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ተሠርቶበታል፤ የቀይ ሽብርን ዘመን የሚመለከት ድራማ ያን ግቢ በሌላ ቦታ ከመፍጠር በቀር አማራጭ የለውም። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ሲዘጋ ሕንፃው ሳይፈርስ ስለቀረ ሁኔታው ከዚህ ይለያል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ድርጊቱ የተፈጸመው በመኖሪያ ቤት ከሆነና የሟች ወይም የተበዳይ ዘመድ በሕይወት ካለ፣ ምትክ ይፈልጉ። ድርጊቱ የተፈጸመው በአደባባይ፣ በድልድይ ወይም በዋና መንገድ ከሆነ ሰፊውን ምስል እዚያው ቀርጸው የቅርቡን ሌላ ቦታ ይቅረጹ፤ ተመልካቹ ከተማውን ካወቀ በኋላ ጠባቡ መንገድ የሌላ ሰፈር መሆኑን አይጠረጥርም። ቤተሰቡ ራሱ እዚያው ይቀረጽ ብሎ ቢጠይቅዎ እንኳ ከጎረቤቱ ሳይመክሩ አይቀበሉ።

ከቤተሰቡ ጋር የሚደረገው ንግግር ቦታ ከመመረጡ በፊት መሆን አለበት። በጠለፋ ላይ የተመሠረተው «ድፍረት» ፊልም በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱን የሙያው ሰዎች አይረሱትም፤ አቤቱታው የቀረበው ታሪኩ በእኔ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው ባለች ሴት ነበር። በእንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ደግሞ ቦታ ትልቅ ድርሻ አለው። ስም ቢቀየር እንኳ ሰፈሩ፣ የሱቁ ሰሌዳና የቤቱ በር ከታወቁ ባለቤቱ ታወቀ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2044 በሕይወት ያለን ሰው የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ አድራጎትን ስም ማጥፋት ስለሚለው፣ በነፃ የተሰናበተን ተጠርጣሪ ቤት በሚታወቅ መልኩ ማሳየት አደጋ አለው። ጉዳዩ በይግባኝ ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) የተደነገገውን ጥፋተኛ ሆኖ ያለመገመት መብት አስበው ቀረጻውን ያቆዩ።

4. ዘመኑን የሚያጋልጡ ነገሮች

ይህ ደረጃ በአዲስ አበባ ከሁሉም የከበደ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል፤ የኮሪደር ልማት ባለፈበት ሁሉ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የመንገድ መብራቱ ነጭና ደማቅ ሆኗል፣ ሕንፃዎቹም አንድ ዓይነት ቀለም ለብሰዋል። ስለዚህ በ1989 ዓ.ም. የተፈጸመን ታሪክ ለመቅረጽ ወደ ጉለሌ፣ ቀጨኔና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጓዳ ጎድጓዳ መግባት ወይም ከከተማው መውጣት ግድ ይላል። ጠባብ መንገዱን ከመረጡ በኋላ ለቀጣዮቹ ወራት የመፍረስ ዕቅድ እንዳለበትና እንደሌለበት ወረዳው ዘንድ ሄደው ይጠይቁ፤ ግማሹ ከተቀረጸ በኋላ የሚፈርስ መንደር ሙሉውን ክፍል እንደገና ያስቀርጻል።

ከከተማው ውጭ ለአሮጌዋ ፒያሳ ምትክ ለመሆን የሚታሰቡት የጎንደር ፒያሳ፣ የጅማና የደሴ መሐል ከተማ፣ የድሬዳዋ ከዚራም ናቸው። ከዚራ ለዓይን ቢማርክም ለአዲስ አበባ ምትክ አይሆንም፤ ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ብርሃኑ፣ ዛፉና የሰዉ አለባበስ ሁሉ ይለያል፣ ተዋናዩ በካፖርት ሲያልበው ካሜራው ያየዋል። ጎንደር በሕንፃ ቅርጽ ይቀርባል። ጅማ ደግሞ ለክረምት ትዕይንት ጥሩ ናት፤ ልምላሜዋ ግን በበጋ ለሚቀረጽ የበጋ ታሪክ አያስኬድም።

የተመረጠውን ቦታ ከዘመኑ ጋር ሲያመሳክሩ ዓይንዎን በሚከተሉት ላይ ያሳርፉ። በ1989 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት አልተጀመረም፤ «የሞባይል ካርድ አለን» የሚል ጽሑፍም ሆነ በሰማዩ ላይ የሚታይ የኔትወርክ ማማ ታሪኩን ያፈርሳል። የአዲስ አበባ ስልክ ባለ ስድስት አኃዝ ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተለወጠ በኋላ የተጻፈ የሱቅ ሰሌዳ በቁጥሩ ርዝመት ብቻ ይታወቃል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ የተስፋፋው ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ስለሆነ ከጣሪያዎቹ በላይ ብቅ የሚል ኮንዶሚኒየም መኖር የለበትም። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ያለው መስመር ከዚያ በፊት ለሆነ ታሪክ በምንም ማዕዘን አይቀረጽም። በቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ላይ የሚውለበለበው ሰንደቅ ዓላማ በመካከሉ የኮከብ አርማ ያለበት መሆን አለበት፣ አርማው በ1988 ዓ.ም. ተደንግጓልና፤ ለደርግ ዘመን ታሪክ ይህን መጠቀም ትልቅ ስሕተት ነው። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ እንደ ልብ የሚገኝ እየመሰለን ፍለጋውን እናዘገየዋለን፤ የሚሠራ ላዳ ማግኘት በየዓመቱ እየከበደ ነው።

የማይነሣውን ነገር መሸፈን ይቻል እንደሆነ በቦታው ላይ ይሞክሩት። የቆመ ሚኒባስ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የተከመረ ማገዶና የመንገድ ዳር ጉሊት ብዙ ይሸፍናሉ። ከዓይን ከፍታ በላይ ያለው ግን በእነዚህ አይሸፈንም፤ ስለዚህ ቦታ ሲያዩ መጀመሪያ ቀና ብለው ሰማዩን ይመልከቱ።

5. በድርጊቱ ሰዓት ይሂዱ

የመጀመሪያው ጉብኝት በቀን ቢሆን ግድ የለም። ሁለተኛው ግን ወንጀሉ በተፈጸመበት ሰዓት፣ ቢቻል በዚያው ወር መሆን አለበት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የማምሻው ብርሃን ቶሎ ያልፋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሰው ፊት በሰማዩ ብርሃን የሚለየው ለ20 ደቂቃ ያህል ነው። በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12፡45 ገደማ ስለሆነ በምሳሌያችን ከምሽቱ 2፡30 ላይ ፍጹም ጨለማ ነበር፤ ደመናውም ጨረቃን ይሸፍናል። የቀረው ብቸኛ ብርሃን የሱቁ አምፖል ነው።

እንግዲህ አንድ ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል በሱቁ መስኮት ላይ ሰቅለው፣ ረዳትዎን ከሱቁ አስወጥተው፣ እርስዎ በግቢው በር ላይ ቆመው ይመልከቱ። የሚወጣ ሰው ብርሃኑን ጀርባው ላይ ስለሚያደርግ ከፊት ለፊት ለቆመ ሰው ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ፊቱ የሚታየው ወደ ጎን ዘወር ሲል ብቻ ነው። ምስክሯ ይህን ቃል ስትሰጥ ምን አይታ ሊሆን እንደሚችል የሚገባዎ በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህን ቅጽበት የማይሰጥ ቦታ፣ ውብ ቢሆንም፣ አይመረጥም። ያዩትንም በካሜራ ያመሳክሩ። የዛሬ ካሜራዎች በጨለማ ከሰው ዓይን የበለጠ ሊያዩ ስለሚችሉ፣ የምስክሯን እይታ የሚወክለው ምስል ብርሃኑ በዓይን ከሚታየው በላይ እንዳይደምቅ ከካሜራ ባለሙያው ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ሌንሱም እንዲሁ ነው፤ ሰፊ ሌንስ ርቀቱን ያረዝማል፣ ረጅም ሌንስ ያቀርበዋል፤ ለምስክር እይታ በሙሉ ፍሬም ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ሌንስ ይበጃል።

ከዚያ ድምፁን ያዳምጡ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው ንግግር እንኳ አይሰማም፤ ጎረቤት ጩኸት ያለመስማቱ የሚታመነውም በዚሁ ነው። ለቀረጻ ግን ይኸው ዝናብ ንግግርን ስለሚያጠፋ፣ ዝናቡ በኋላ የሚጨመርበት ደረቅ ሌሊት ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ያለ ዝናብም አያርፍም፤ ቀን ፀሐይ ሲበረታበትና ማታ ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል፣ የድምፅ ባለሙያውም በየመሐሉ ቀረጻ ያስቆማል። በየሰዓቱ አንድ አንድ ደቂቃ ድምፅ ይቅረጹና የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የወፍጮ ቤት፣ የብየዳ ቤትና የውሻ ጩኸት የሚበዛበትን ጊዜ በሰንጠረዥ ያስፍሩ። በጾም ወራት ቅዳሴ የሚገባበት ሰዓት ስለሚለወጥ ሰንጠረዡ በቀረጻው ወር የተሠራ መሆን ይኖርበታል።

6. ባለቤቱ ማን ነው?

ቁልፉን የያዘው ሰው ሁልጊዜ ፈቃድ ሰጪ አይደለም። የቀበሌ ቤት ከሆነ ነዋሪው ተከራይ ስለሆነ ግድግዳ ለመቀባትም ሆነ መስኮት ለማንሣት ቤቱን የሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል ይሁንታ ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከቤቱ ባለቤት በተጨማሪ የነዋሪዎቹ ማኅበር መስማማት አለበት፤ ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የጋራ ነው። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ፤ አንዱ ወንድም ፈርሞ ሌላው ቀረጻ ያስቆመበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታሪኩን አይደብቁ። «የፍቅር ድራማ ነው» ተብሎ የተከራየ ቤት ውስጥ አስከሬን ሲተኛ ባለቤቲቱ የምታሰማውን ስድብ የሚሸከመው ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ነው። ሰዎች በቤታቸው የሞት ትዕይንት እንዲቀረጽ የማይፈልጉበት ምክንያት ሊናቅ አይገባም፦ ቤቱ ስም ይወጣለታል፣ ተከራይ ይሸሸዋል፣ ክፉ ነገር ይጠራል ብለው የሚፈሩም አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያስማማው የግድያውን ትዕይንት በተሠራ ክፍል ወይም በባዶ መጋዘን ቀርጾ፣ በሰው ቤት ደጃፉንና የዕለት ኑሮውን ብቻ መቅረጽ ነው። እግረ መንገዱንም የቦታ ችግር ይፈታል፤ ሦስት በአራት ሜትር በሆነ ጭቃ ቤት ውስጥ ካሜራ፣ መብራት፣ ቡም (የማይክሮፎን ዘንግ) የያዘ ሰውና ሁለት ተዋናዮች አብረው አይቆሙም።

ከባለቤቱ ቀጥሎ የዕድሩን ዳኛ ያነጋግሩ። የሰፈሩን ሐዘን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ በቀረጻው ሳምንት ተዝካር ወይም ሠርግ መኖሩን፣ ከተመሳሳይ ወንጀል የተረፈ ሰው በአካባቢው መኖሩንም ይነግርዎታል። የመጨረሻው ጉዳይ ከተገኘ ያለ ክርክር ቦታ ይለውጡ። ክፍያን በተመለከተ ከደላላው ጋር ሳይሆን ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ውሉም የቀረጻውን ሰዓት፣ የሚነካውን ነገር፣ የጉዳት ካሣን፣ ቤቱ በማስታወቂያ ላይ ይታይ አይታይ የሚለውንና ለድጋሚ ቀረጻ የመመለስ መብትን ይያዝ።

7. ደብዳቤዎችና ፖሊስ

በአዲስ አበባ የተለመደው አካሄድ ከከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ የትብብር ደብዳቤ አውጥቶ ወደ ክፍለ ከተማው፣ ወደ ወረዳውና ወደ ፖሊስ ጣቢያው ማድረስ ነው። ደብዳቤው ቀኑን፣ ሰዓቱንና መንገዱን በስም ካልጠቀሰ ሜዳ ላይ አይሠራም። በድሮን ለመቅረጽ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድመው ይጠይቁ፣ ካልተገኘም ከሕንፃ ሰገነት ይቅረጹ።

በወንጀል ድራማ ላይ አንድ ልዩ አደጋ አለ። የፖሊስ ልብስ የለበሱ ተዋናዮች፣ መሣሪያ የሚመስል ዕቃና ደም የለበሰ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ሲታዩ፣ ከሩቅ የሚያይ ሰው በስልኩ ቀርጾ እንደ እውነተኛ ዜና ሊያሰራጨው፣ በአካባቢው የሚያልፍ ታጣቂም እውነት መስሎት ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ ከተመረጡት ቦታዎች መካከል ሁለቱም መግቢያዎቹ በሰው ሊጠበቁ የሚችሉትን ያስቀድሙ፤ አራት አቅጣጫ ክፍት የሆነ መስቀለኛ መንገድ ለእንዲህ ያለ ትዕይንት አይመረጥም። በየመግቢያው «ድራማ እየተቀረጸ ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ይቁም፤ በቀረጻው ቀን ከጣቢያው አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ እውነተኛ ፖሊስ ይመደብ፤ ተዋናዮችም ልብሱን ለብሰው ከቀረጻው ክልል አይውጡ፣ ምሳ ለመብላትም ቢሆን።

8. በቀላሉ የማይገኙ ቦታዎች

በሥራ ላይ ያለ ችሎት ለቀረጻ ይለቀቃል ብለው ፕሮግራም አያውጡ። ከፍ ያለ ጣሪያና የእንጨት ወለል ያለው የድሮ መሰብሰቢያ አዳራሽ በሁለት ቀን ችሎት ይሆናል። ጣቢያ ለመሥራት የድሮ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይበቃል፤ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ የዕለት ሁኔታ መዝገብ የተዘረጋበት ጠረጴዛና በመስኮቱ ላይ የብረት ዘንግ ካለ ቀሪውን ተዋናዩ ይሞላዋል። ለአስከሬን ምርመራ ክፍል ሐዘንተኛ የሚጠብቅበትን እውነተኛ ሆስፒታል አይጠይቁ፤ ነጭ ሸክላ የተለበጠ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ወይም የተዘጋ ክሊኒክ ይተካዋል። ቀብር በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለመቅረጽ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ መፍቀድ ይኖርበታል፤ በመቃብሮቹ ላይ ያሉ እውነተኛ ስሞችና ፎቶግራፎች ግን በምስሉ ውስጥ መግባት የለባቸውም።

9. የመጨረሻው ምርጫና ርክክብ

ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሁለት ቦታ ከነተጠባባቂው ይያዙ። ውሳኔው በሚሰጥበት ቀን ዳይሬክተሩ፣ ካሜራ ባለሙያው፣ የድምፅ ባለሙያው፣ የሥነ ጥበብ ኃላፊውና መዝገቡን ያነበበው ጸሐፊ አብረው በቦታው ይቁሙ። ጸሐፊው በሁለተኛው ደረጃ የተለዩትን የማይነኩ ነጥቦች አንድ በአንድ ያንብብ፤ አንዱ እንኳ ካልተሟላ ቦታው ይቅር ወይም ስክሪፕቱ ልዩነቱን በግልጽ ይያዘው። የጀነሬተሩ ማቆሚያ፣ የኬብሉ ርዝመት፣ የመኪና መግቢያ፣ የመጸዳጃና የተዋናዮች ልብስ መቀየሪያ ክፍልም በዚሁ ቀን ይረጋገጥ።

ቀረጻው እንዳለቀ ቤቱን በመጀመሪያው ቀን ከተነሡት ፎቶግራፎች ጋር እያስተያዩ ለባለቤቱ ይመልሱ። የሐሰት ደም በኖራ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ ከመርጨትዎ በፊት ግድግዳውን በላስቲክ ይሸፍኑ፤ ካልተሸፈነ ግን ሙሉ ግድግዳውን ቀብተው ያስረክቡ። በቆጣሪው ካርድ ላይ የተጠቀሙበትን ሂሳብ ይሙሉ። የፈቃድ ደብዳቤዎቹን፣ ውሎቹን፣ የርቀት ልኬቶቹንና እያንዳንዱ ቦታ ለምን እንደተመረጠ የሚያስረዳውን ወረቀት በአንድ ፋይል አኑረው ቅጂውን ለጣቢያው የሕግ ክፍል ይስጡ፤ ከስርጭት በኋላ አቤቱታ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ፋይል ነው።